የናናን ድምፅ የሰማ ማነው?

ሐምቡርግ፣ ፌብሩዋሪ 9

ለክቡር አፈ ጉባኤ ኢቦ ኤሹን
አጉዋንሴ

ክቡርነትዎ፣ ከዚህ ከበረዶ አገር፣ ከአንድ ጡረተኛ የመርከብ መካኒክ የተላከ ሰላምታ ባሉበት ይድረስዎ። እግዚአብሔር ጉልበትዎን ያጽናልዎ፤ ከራት በኋላ ሆድዎን ከሚነፋዎትም ነገር ይሰውርዎ።

በቃ፣ ክብሩ እዚህ ላይ አለቀ። ኢቦ! አንተ ሰውዬ፣ ምን ነካህ? ከገና ጀምሮ ስደውልልህ ጆሮ ዳባ ልበስ አልክ። አራባ ታነሳና «እህ... ደህና ነው፣ ተኝቷል» ትለኛለች። እህትህ መዋሸት እንደማይሆንላት የማላውቅ መስሏት ነው? ሲነጋም ተኝቷል፣ ሲመሽም ተኝቷል! ዕድሜ ልክህን «ሥነ ሥርዓት! ሥነ ሥርዓት!» ስትል ኖረህ፣ አሁን ለገዛ አክስትህ ልጅ «ሃሎ» ማለት ከበደህ? የግራ ጆሮዬን ለመርከብ ሞተር እንደገበርኩ ታውቃለህ፤ የቀረኝ ቀኙ ነው። እሱንም ነፈግከው።

ናናችን፣ የአገራችን ንጉሥ፣ «ወደ መንደሩ ሄደ» ሲሉ ሰማሁ፤ መቼም ሞተ አይሉም። አለቀስኩ። የንግሥናው ወንበር ወደ እናቶቻችን ቤት እንደዞረና ሽማግሌዎቹ ባንድ አፍ አንተን እንደጠሩም ሰምቻለሁ። ታዲያ ምን ብለህ መለስክ? የሰማሁት ከሰው ነው፤ ካንተ አይደለም፤ ቅር ብሎኛል።

ባለፈው እሑድ አንድ የኬፕ ኮስት ልጅ ያንን ቪዲዮ አሳየኝ፤ እንደራሴዎቹ በበጀቱ ላይ የተደባደቡ ጊዜ የተቀረፀውን። አንዱ የአንዱን ክራቫት ጨምድዷል፤ ሌላው የምክር ቤቱን የወርቅ በትር ታቅፎ ወደ በሩ ይሮጣል! አንተ ተነሣህ። ይሄኔ ያምባርቃል ብዬ ስጠብቅ ዊግህን አወለቅክና ከነካባህ ደረጃው ላይ ቁጭ አልክ፣ ልክ አውቶቡስ እንደምትጠብቅ የገበያ ሴት። ዝም። ያ ሁሉ ጎረምሳ እንደራሴ አንድ በአንድ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ በትሩን ይዞ የሮጠውም አንገቱን ደፍቶ መለሰው። ሳቄና እንባዬ አንድ ላይ መጣብኝ። «ይሄኮ ወንድሜ ነው» አልኩት ልጁን። አላመነኝም፤ ቱታዬን እያየ ነበር።

ስልክህን አንሳ።

ጆጆ አርኩ

አጉዋንሴ፣ ማርች 28

ለውድ ወንድሜ ለጆጆ፣

የአባቶቻችን አምላክ ብርዱን ያቅልልህ፤ ቀሪውን ጆሮህንም ይጠብቅልህ። አራባ፣ ጎረቤቱ፣ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን መዘምራንም ሰላም ብለውሃል። ደብዳቤህ ደርሷል፤ ተነቧል፤ ከፊሉም ከቃለ ጉባኤው እንዲሰረዝ ታዟል። ስልኩን በተመለከተ፣ ጥያቄ ያለው አባል በጽሑፍ ያቅርብ።

ስለ ወንበሩ ጠይቀሃል። እምቢ ብያለሁ። ደክሞኛል ጆጆ። ሰው የተሰጠውን ያህል ከሠራ መቀመጥ አይገባውም?

ሰሞኑን ቁጭ ብዬ የድሮውን ሳስብ ነው የምውለው። መጀመሪያ የተመረጥኩ ጊዜ ትዝ ይልሃል? ያን ግራጫ ሙሉ ልብስ ታኮራዲ ወስደህ ያሰፋህልኝ አንተ ነህ። ገና ኪሱ ሳይለምድ ወታደሮቹ መጡና ምክር ቤቱን ዘጉት። ልብሱን ሰቅዬ ከእናቴ ጋር ዓሣ ማጨስ ጀመርኩ። ስንት ዓመት ጢስ ውስጥ ኖርኩ! የዓሣውን ቅርጫት ጭኜ ወደ ኩማሲ ስወርድ ስወጣ ሰዉ «የተከበሩ፣ ስንት ነው?» እያለ ያሾፍብኝ ነበር። እኔም «የተከበሩ ደንበኛ፣ ተቃውሞ ከሌለ ይሄው ዋጋው» እላለሁ። በኋላ ምክር ቤቱ ሲከፈት ልብሱን አወረድኩት፤ ሱሪው እምቢ አለ! እናቴ ከኋላ በኩል ቀድዳ የራሷን የቀሚስ ጨርቅ ጨመረችበት። ለመሐላ ስቆም ከጃኬቴ ሥር የእናቴ ቀሚስ ሰማያዊ አበባ ነበረ። ማንም አላየም። ከዚያ ምክትል ሆንኩ፣ ከዚያም አፈ ጉባኤ፤ ካባው ያንን ሱሪ የሸፈነልኝ ቀን ነው እፎይ ያልኩት።

አንድ ሁለት ነገር ብትልክልኝ። እዚያ አገር ጥሩ የጉሮሮ ከረሜላ አለ ይባላል፤ ጠንከር ያለውን። ደግሞ አንዲት ትንሽ የእጅ ደወል፣ ድምፅዋ ጠራ ያለ።

ወንድምህ ኢቦ

ሐምቡርግ፣ ኤፕሪል 10

ኢቦ ወንድሜ፣ የእናቶቻችን በረከት ካንተ አይለይ! ሰውነትህ እንደ ደወል ይጥራ፣ ደወል ካማረህ።

ከረሜላውም ደወሉም ተልኳል። ግን ልጠይቅህ፣ ደወል ምን ያደርግልሃል? ፍየል ልትጠብቅ ነው? ወይስ አራባን እንደ ምክር ቤት ተላላኪ በደወል ልትጠራት አማረህ? ወጡን ራስህ ላይ እንዳትደፋብህ ብቻ!

«ደክሞኛል» ትለኛለህ። ኧረ ተው! ዳር ቆመህ ስታይ ወንበሩ ለማን ሊሄድ ነው? ለቤንትሲል! አራባ ነግራኛለች፤ ሰውዬው ገና ሳይሾም የጨው ሐይቃችንን በገመድ እያስለካ ነው። ደፍኖ ሆቴል ሊያቆምበት ነው አሉ። ታዲያ ሴቶቹ በበጋ ጨው ከየት ሊያፍሱ ነው? ከሆቴሉ ወጥ ቤት? እናቶቻችን ያሳደጉን በዚያ ጨው አይደለም እንዴ! አንተ እምቢ ካልክ የሚያስቆመው ሰው የለም፤ ይህን እያወቅክ ከበረንዳህ ላይ ተኝተሃል። አበሽቀኸኛል።

አጎቴ ኩዋሜና ቢኖር ምን ይልህ ነበር? እሱን ሳስብ ያ ግቢ ይመጣብኛል። የናና አፍ ነበር እሱ፤ ናና በጆሮው ሹክ ይለዋል፣ እሱ ዘንጉን ይዞ ለሕዝቡ ይናገራል። ማታ ማታ ሁለታችንን ያቆመናል። አንተ ናና ትሆናለህ፤ አሮጌ ሳጥን ላይ ትቀመጥና ሹክ ትለኛለህ። እኔ ጮክ ብዬ አሳምሬ መናገር አለብኝ። አንተ ክፉ ነበርክ! «ሽማግሌው ዶሮ ሌባ ነው» ትለኛለህ። እኔ ዘንጉን መሬት ላይ መታ አድርጌ «ናና እንዲህ ይላል፤ ከቤታችን የጠፋችው ዶሮ እርስዎ ግቢ በክብር እንደተስተናገደች ሰምተን ተደስተናል» እላለሁ። አጎቴ በሳቅ ይፈርሳል። አንድ ቀን ሳትነግረኝ ጀመርኩ፤ ልትለው ያሰብከውን ቃል በቃል ተናገርኩት። «አፌን ሰረቀኝ!» ብለህ አልቅሰሃል።

ሐይቁ ዳር አምሽቼ እራት ሲያልፈኝ ደግሞ የበቆሎ ኬንኬና የዓሣ ጭራ ከሳህን ሥር ደብቀህ ትጠብቀኝ ነበር። ሁልጊዜ ጭራውን! መሀሉን ራስህ በልተህ።

እምቢ ያልክበትን እውነተኛውን ምክንያት ጻፍልኝ። ደክሞኛል የሚለውን አልቀበልም።

ጆጆ

አጉዋንሴ፣ ጁላይ 2

ወንድሜ ጆጆ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ስለዘገየሁ ይቅርታ። ይህን ደብዳቤ ጽፌ ቀደድኩ፣ ጽፌ ቀደድኩ።

ድምፄ የለም። ይኸው ተናገርኩት።

ባለፈው ዓመት ጉሮሮዬ ላይ እብጠት ተገኘ። አክራ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ፤ ሐኪሞቹ ሕይወቴን አተረፉ፣ ድምፄን ግን ማትረፍ አልቻሉም። የቀረኝ ሹክሹክታ ነው፤ አፍንጫዬ ሥር ካልመጣህ አይሰማም። ስልክ ያላነሣሁት ለዚህ ነው። ደወሉ አራባን ከጓሮ ለመጥራት ነው። ከረሜላው ደግሞ ሞኝነት ነው፤ ምናልባት ብዬ።

ለምን ደበቅከኝ እንደምትለኝ አውቃለሁ። አንተ ዘንድ እንኳ የድሮው ኢቦ ሆኜ ልቆይ ብዬ ነው። ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ሲዘመር አፌን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። በቀደም ሬዲዮው የድሮ ክርክር አሰማ፤ «የተከበሩ አባል ይቀመጡ!» አለ ድምፄ፣ ጎርነን ብሎ፣ እንዴት ያምራል መሰለህ! አራባ ልታጠፋው ሮጠች። ተዪው አልኳት በእጄ። እስኪያልቅ ሰማሁት። ሌላ ሰው ሲናገር የምሰማ መሰለኝና ሆድ ባሰኝ ጆጆ፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ሽማግሌዎቹ አያውቁም። ሁለት ጊዜ ቤቴ መጥተው እኔ ዝም ብዬ ራሴን ስነቀንቅ አራባ «ጾም ይዟል፣ ቃል አያወጣም» አለቻቸው። እኔ ጾም! እነሱም ኩራት መስሏቸው «ሥልጣን ለመደና ናቀን» እያሉ ወጡ። ይናቁኝ አልኩ። ልማዱን ታውቃለህ፤ ለናና ወንበር የሚታጨው ሰው አካሉ ሙሉ ይሁን ይላል። ቆሜ «ጎደሎ ነኝ» ብዬ ከምናገር ኩሩ ብለው ቢያሙኝ ይሻለኛል። በምንስ አፌ እናገራለሁ?

ስለ ሐይቁ ያልከው እንቅልፍ ነስቶኛል። ግን ድምፅ የሌለው ሰው ለማን ይጮሃል?

ወረቀት ላክልኝ፤ መስመር ያለውን። አሁን ብዙ እጽፋለሁ።

ኢቦ

ሐምቡርግ፣ ጁላይ 11

ኢቦዬ፣ የኔ ወንድም፣

እግዚአብሔር ነፍስህን ስለተወልኝ ይመስገን። ከሁሉ በፊት ይሄ ይነገር። ደብዳቤህን አውቶቡስ ውስጥ አነበብኩትና መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ። አንዲት ጀርመናዊት አሮጊት መሐረብ ሰጠችኝ። አንጀቴን በላኸው። ያን ሁሉ ጊዜ ስልክ አላነሣም ብዬ ስሰድብህ! አንተም ደግሞ ዝም ብለህ ስድቡን ትጠጣለህ።

አልቅሼ ስጨርስ ግን ተናደድኩ። አንተ የሕግ ሰው አይደለህም እንዴ? አንዲት ነገር ጠይቃቸው። ያቺን ብቻ። ሽማግሌዎቹን ሰብስብና «የናናን ድምፅ የሰማ ማነው?» በላቸው። አንተስ ሰምተህ ታውቃለህ? እኔ አላውቅም! እሱ ጥላ ሥር ተቀምጦ አይቼዋለሁ፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ጆሮዬ ውስጥ ያለው ግን የአጎቴ የኩዋሜና ድምፅ ነው። ናና አይጮህም ኢቦ! ናና ሹክ ነው የሚለው። እግዚአብሔር ካለህ ነገር ሁሉ ለናና የሚበቃውን መርጦ ተወልህ፤ አንተ ከረሜላ ትመጥጣለህ!

ደግሞ ምክር ቤቱን በድምፅህ የገዛህ አይምሰልህ። ያን ቪዲዮ ደግሜ አየሁት። ደረጃው ላይ ስትቀመጥ አንዲት ቃል ካፍህ አልወጣም።

ወረቀቱ ተልኳል። ከዚያ ውስጥ አንዱን ለሽማግሌዎቹ አውለው።

ጆጆ

አጉዋንሴ፣ ኦገስት 5

ለውድ ወንድሜ ለጆጆ፣

የናና ኤሲ ቡራኬ ይድረስህ፤ በስምህ ጠርታ እንድጽፍልህ አዛኛለች። የሟቹ ናና እህት ናትና፣ የወንበሩ እናትም እሷ ናት፤ ያለሷ ቃል ማንም አይሾምም።

ማክሰኞ ታንኳ ባሕር የማይወጣበት ቀን ስለሆነ ሁሉም ተሰብስቦ ነበር። አራባን አቆምኳትና ወረቀቴን አነበበች፤ ሕመሜን፣ ቀዶ ሕክምናውን፣ ሁሉንም። ጉባኤው አጉረመረመ። ቤንትሲል ብድግ አለ። «አዝናለሁ የተከበሩ፤ እኔ አይደለሁም፣ ልማዱ ነው። ዲዳ ወንበር ላይ አይወጣም» አለ። ሰዎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ደወልህን አንቃጨልኩ! ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ያው የድሮ አመሌ። አራባ የመጨረሻውን መስመር አነበበች፤ «የናናን ድምፅ የሰማ ማነው?»

«እኔ ሰምቻለሁ!» አለ ቤንትሲል። «ስለ ታንኳዎቹ ሲፈርድ እዚሁ ነበርኩ!»

«ያ የናና አፍ የነበረው ሟቹ ኤጊያ አታ ነዋ!» አሉት ከኋላ።

«የጎርፉ ጊዜስ?»

«እሱም ኩዋሜና ነበር።»

አንዱ ሌላ ያነሣል፣ ሌላው ያርመዋል። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ሲተያዩ ብታይ! አንድም የሰማ ጠፋ። ያኔ ናና ኤሲ ሳቀች። «እኔ እህቱ ነኝ፣ አንድ ግቢ ነው የኖርነው» አለች። «የሰማሁት ጨው አቀብዪኝ ሲለኝ ነው። እሱንም በስንት ልመና።» ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እሷ ግን ፊቷን መለሰችና «ናና ሲሾም መጀመሪያ የሚያስረክበው ድምፁን ነው። ኢቦ አስቀድሞ አስረክቦ መጥቷል፤ ታዲያ ምኑ ጎደለ?» አለች። ቤንትሲል ተቀመጠ።

ስለዚህ ተቀብያለሁ። አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ከአጎታችን በኋላ ዘንጉን የያዘው ኤጊያ አታ ባለፈው ዓመት ስላረፈ የናና አፍ የሚሆን ሰው የለም፤ ዘንጉ የአጎታችን ቤት ርስት ስለሆነ ከቤታችን ወንድ ካልያዘው ሹመቱ አይጸናም። አራባ ዘንጉን ከግድግዳው አውርዳ ዘይት ቀብታዋለች። ጫፉ ላይ የተቀረጸው አዞ አሁንም ጥርሰ ወላቃ ነው። ሥርዓቱ የሚፈጸመው በሴፕቴምበር የመጀመሪያው ቅዳሜ ነው።

ይህን የጻፍኩልህ ለመረጃ ያህል ነው። ሌላ የምጠይቅህ ነገር የለኝም።

ኢቦ

ሐምቡርግ፣ ኦገስት 14

ኢቦ፣

«ለመረጃ ያህል» ይላል! ዓይንህን በጨው አጥበህ! ከረሜላ ስትፈልግ፣ ደወል ስትፈልግ፣ ወረቀት ስትፈልግ ትጠይቃለህ፤ ና ማለት ግን ሞት መሰለህ።

እንግዲህ እኔም ለመረጃ ያህል ልንገርህ፤ ፈርቻለሁ። ያን የሽማግሌ አነጋገር ረስቼዋለሁ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ የምነጋገረው ከወደብ ወፎች ጋር ነው፣ እሱንም በጀርመንኛ። አጎቴ «ዘንጉ ላንተ ነው» ያለኝ ጊዜ መርከብ ተሳፍሬ ጠፋሁ፤ አሁን በዚህ ዕድሜዬ፣ በአንድ ጆሮ፣ ሰው ፊት ቆሜ ብንተባተብ የሚዋረደው ማነው? አንተ አይደለህ?

ቤቱን አስረክቤያለሁ። ሐሙስ አክራ እገባለሁ።

መሀሉን አስቀምጥልኝ። ጭራ አልበላም።

ጆጆ

አጉዋንሴ፣ ሴፕቴምበር

ከአጉዋንሴ፣ እዚያው ለአጉዋንሴ

ለክቡር የናና አፍ፣ ለጆጆ አርኩ፣

እጅህ ይባረክ፣ አፍህም አብሮ ይባረክ። ይህን ደብዳቤ አራባ ከኔ ቤት ወዳንተ ቤት ይዛ ስትሻገር «እናንተ ሽማግሎች ልታሳብዱኝ ነው» እያለች ነው። ምን ላድርግ? ናና ሰው ቤት ሄዶ አያንኳኳም። ከደጄ ሆኜ እንዳልጠራህ ድምፅ የለኝም፤ ብጠራህም አትሰማኝም።

የምጽፈው የቅዳሜውን ቃለ ጉባኤ ለማቃናት ነው። ልማዱ የናና አፍ በናና ቀኝ ይቁም ይላል። በቀኜ ቆምክ። ሞተር የበላው ግራ ጆሮህ ወደኔ ዞረ! ያ ሁሉ ሽማግሌ፣ አንተ ራስህ፣ እኔም በጉባኤ ሥርዓት ያረጀሁት ሰውዬ፣ አንዳችንም አላሰብነውም። ከበሮው ቆመ። የአጉዋንሴ ሰው እስከ ሐይቁ ድረስ ቆሟል። ጎንበስ አልክልኝ፤ እኔም ሹክ አልኩህ። ያልኩህ ይኸውልህ፦ «እንኳን ደህና መጣችሁ በላቸው። ሐይቁ አይደፈንም በላቸው። አንተ ደግሞ አሮጌ ጅል፣ ምነው እንዲህ ቆየህ?»

ቀና ስትል ከዓይንህ አወቅኩ። ምንም አልሰማህም። አለቀልን፣ ቤንትሲል ፊት ተዋረድን አልኩ። አንተ ግን ዘንጉን መሬት ላይ መታ አደረግክና ያ ድምፅ ወጣ፤ የአጎታችን ድምፅ፣ ሲሰማ ሆድ የሚያባባው።

«ናና እንዲህ ይላል» አልክ። «ድምፄ ባሕር ላይ ብዙ ዘመን ቆየብኝ። ዛሬ ቤቱ ገባ። ከእንግዲህ እኔም የትም አልሄድ፣ እሱም የትም አይሄድ፣ ሐይቃችሁም የትም አይሄድ።»

የጨው ሴቶቹ እልልታ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ናና ሰው ፊት አያለቅስም፤ ጥላ ያዡ ነገሩ ገብቶት ጥላውን ፊቴ ድረስ ዝቅ ባያደርገው ኖሮ ልማዱን በመጀመሪያው ቀን ሰብሬው ነበር።

እንግዲህ እኔ እንደዚያ አላልኩም። ዛሬም አፌን ሰረቅከኝ። ቢሆንም የተናገርከው ይጽና፤ ከቃለ ጉባኤው አንዲት ቃል እንዳይወጣ አዝዣለሁ።

የጠየቅኩህ ግን አልተመለሰልኝም። ምነው እንዲህ ቆየህ? መልሱን በጽሑፍ አልፈልግም። ለራት ና። ኬንኬው ተከድኗል፤ የዓሣው መሀል ያንተ ነው፣ ጭራውን እኔ እበላለሁ። ቤት ውስጥ ልማድ የሚጠይቀን የለም፤ በግራዬ ተቀመጥ።

ኢቦ